ወደ ዲስክ ያልወረደ ድምፅ

ቦንጋ ውስጥ የቢሮ ደጅ የጠና ሰው ሁሉ አንዲት መልስ ያውቃል፤ «ሲስተም የለም» የምትል። ሰውየው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል፣ ሲስተም የለም። አድሮ ይመጣል፣ አሁንም የለም። ይህ ሲስተም የሚባል ነገር የት እንደሚሄድ፣ ማን ዘንድ እንደሚያመሽ የጠየቀ የለም። የሙሉብርሃን እንጀራ ግን ይኸው ነበር፤ የጠፋውን ሲስተም ፈልጎ ማምጣት። ከኮምቦልቻ ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ ሰባት ዓመት ተቀመጠ። ዝናቡን ለመደ፣ ጭቃውን ለመደ፣ ቋንቋውን ግን አልለመደም። ቢሮው በአማርኛ ይሠራል፣ ገበያውም ለእንግዳ በአማርኛ ይመልሳል፤ ካፍኖኖ ሳልማር ምን ጎደለብኝ ይል ነበር፣ ቢጠየቅ።

የሚጠብቀው ዳታቤዝ የድምፅ ነበር። በካፋ ጫካው ባለቤት የሌለው ይመስላል እንጂ አለው። ከዚህ ጅረት እስከዚያ የቀረሮ ዛፍ ድረስ ያለው የእገሌ ቤት ነው፤ ቀፎ የሚሰቅልበት እሱ ነው፣ ማሩን የሚቆርጠው እሱ ነው። እንዲህ ያለውን የማር ጫካ ኮቦ ይሉታል። አጥር የለውም፣ ካርታ የለውም፣ ድንበሩ የሚታወቀው በሰው አፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት መጣና ባለ ኮቦዎቹን ከየዛፋቸው ሥር አቁሞ ድንበራቸውንም ወራሻቸውንም በገዛ አንደበታቸው አስቀረጸ። ድምፁን ወደ ጽሑፍ የመገልበጡ ሥራ በጀት ሲመጣ ይሠራል ተባለ። በጀቱ አልመጣም። ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ ቀራጮቹ በየአገራቸው ተበተኑ፣ ከተናጋሪዎቹም ብዙዎቹ አረፉ። ድምፃቸው ብቻ በቢሮው ሰርቨር ውስጥ ቀረ።

ሰርቨሩ ደግሞ በክረምቱ ተቃጠለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከልክ በላይ ሆኖ ተመለሰና ከነአንጀቱ አነደደው።

እትዬ አፀደ የመጡት ይህ ከሆነ በኋላ ነው። ከዋጫ ወዲያ ካለች መንደር ናቸው። ባላቸው ገብረጊዮርጊስ አምና አርፈዋል። ወንድ ልጅ አልወለዱም፣ ያለቻቸው ዮሀና ብቻ ናት። በአገሩ ልማድ ቀፎ ሰቃይ ወንድ ነው፤ ሴት ዛፍ አትወጣም። ስለዚህ ኮቦው ለሟች ወንድም ለጋሽ ደጉ ይገባል ተባለ። ጋሽ ደጉ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ወንድሜ ለእኔ ነው የተወው ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ሰው ናቸው። እትዬ አፀደ ደግሞ «ባሌ ከዛፉ ሥር ቆሞ ለልጁ ሲሰጥ በመንግሥት መቅረጫ ተቀድቷል» አሉ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተማከሩበት። የሞተ ሰው ቃል በራሱ ድምፅ ከተሰማ ቃል ነው፣ ይምጣና እንስማው ብለው ለሐሙስ ቀጠሩ። ካልመጣ ግን የዘንድሮው ቀፎ መሰቀያው ደርሷል፣ ከዚያ ወዲያ አንጠብቅም፣ ጫካው ለደጉ ይረጋል አሉ።

እትዬ አፀደ ይህን ይዘው ቦንጋ ቢመጡ «ሲስተም የለም» ተባሉ። በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ሙሉብርሃን አያቸው። አላለቀሱም፣ አልተቆጡም፤ መልሱን አልተረዱትም ነበር። ድምፅ እንዴት አይኖርም? ተቀድቶ የለም ወይ? ሙሉብርሃን ሆዱ አልቻለም።

«እትዬ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ» አላቸው። «ለሐሙስ ይደርሳል።»

ማንም ሳያስገድደው፣ አፉን ሞልቶ ቃል ገባ።

ከተቃጠለው ሰርቨር የተረፈ ነገር የለም። የተረፈው መሳቢያ ውስጥ ሲንከባለል የኖረ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። የሁሉም ነገር ባክአፕ እሱ ላይ ነበር፣ ሌላ ቅጂ የለም። ዲስኩም ታሟል። ሲነሳ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ይግላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይለመናል። የዚህ ዓይነቱን የታመመ ዲስክ አንብቦ ዳታቤዙን አዲስ ማሽን ላይ የሚያቆም ፕሮግራም አለ። ሙሉብርሃን ሰኞ ማለዳ እሱን አስጀመረ።

ፕሮግራሙ ጠንቃቃ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ያስለቅሳል። ከታማሚው ዲስክ አንዲት ቁራጭ ያነባል፣ ወደ አዲሱ ዲስክ ይልካታል፣ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። አዲሱ ዲስክ «አስቀምጫታለሁ፣ አሁን መብራት ቢሄድም አትጠፋም» እስኪለው ድረስ ሁለተኛዋን ቁራጭ አይነካም። ጊዜውን የሚበላው ማንበቡ አይደለም፣ መጻፉም አይደለም፣ ይህ መጠበቅ ነው። በዚህ አካሄድ ሥራው ከሐሙስ አልፎ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሻገራል። አሮጌው ዲስክ ደግሞ ሳምንት የሚቆይ አይመስልም።

ሙሉብርሃን የሚያውቀውን ሁሉ አወጣ። የፕሮግራሙን ኮድ ከፍቶ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ከማውረድ ይልቅ ሰብስቦ በጥቅል እንዲያወርድ፣ ማረጋገጫውንም ለጥቅሉ አንዴ ብቻ እንዲጠይቅ አደረገው። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው የመጨረሻው ጥቅል ብቻ ነው፤ እሱም ከአሮጌው ዲስክ እንደገና ይነበባል። ፈጣንም ሆነ፣ አስተማማኝም ሆነ። በዚያ ላይ ማሽኑ ዩፒኤስ ላይ ተሰክቷል፤ መብራት ቢቋረጥ ባትሪው ለጊዜው ይይዘዋል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሙሉብርሃን የገዛ ሥራውን እያየ ማፏጨት ጀመረ። በዚህ ፍጥነት ረቡዕ ማታ ያልቃል። ሐሙስ ማለዳ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማህተም ተመትቶ፣ በቢሮው መኪና ዋጫ ይደርሳል። ጠባብ ቢሆንም ይበቃል።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ ሰኞ በኋላ ደስ የሚል ነገር አልሆነም።

ማክሰኞ የቢሮው ኃላፊ አቶ ፍቃዱ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትለው ገቡ።

«ሙሌ፣ ሲስተሙ እንዴት ነው?»

«እየመጣ ነው አቶ ፍቃዱ። ነገ ማታ ያልቃል።»

«ማታ? እንግዶቹ የሚገቡት ነገ ጠዋት ነው እኮ! ከክልል ናቸው። ዋናው የሚጎበኙት ይሄ ነው፣ ፕሮግራም ላይ ገብቷል።»

«ከዚህ በላይ ባፈጥነው አደጋ አለው።»

«አንተ መላ አታጣም» አሉ አቶ ፍቃዱ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ። ከዚያ ወደ ዩፒኤሱ ዞረው ለተሸካሚዎቹ ምልክት ሰጡ። «ይቺን ደግሞ ወደ አዳራሽ እንወስዳታለን። ባለፈው ንግግር መሃል መብራት ሄዶ፣ ማይኩ ጠፍቶብን መሳቂያ ሆነን ነበር።»

«አቶ ፍቃዱ፣ ማሽኑ ያለ ዩፒኤስ ከዋለ...»

«ለአንድ ቀን ነው። እንግዳ ሸኝተን ትመለሳለች። ደግሞ ያቺ የዝውውርህ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ ይሄ ሳምንት ይለፍና እናያታለን።»

እዚህ ላይ ሙሉብርሃን እምቢ ማለት ነበረበት። እዚህ ላይ እምቢ የሚል ሰው በየቢሮው ቢኖር ኖሮ ስንቱ ነገር በተረፈ! ግን እናቱ ኮምቦልቻ ብቻቸውን ናቸው፣ ዝውውሩን ሲጠይቅ ይህ ለሦስተኛ ጊዜ ነው፣ አቶ ፍቃዱም የፈረሙለትን ፊርማ የሚያጥፉ ሰው ናቸው። ዩፒኤሱ ሲወጣ በሩን ከፍቶ ያዘላቸው። በሩን መያዙ በኋላ ቆጨው፤ መውሰዳቸው ሳይሆን እሱ በር መያዙ።

ብቻውን ሲቀር ሁለት ነገር ገፋው። አንዱ የነገው እንግዳ፣ ሁለተኛው የአሮጌው ዲስክ ድምፅ ነው፤ ቀጭቀጭታው ከትናንት ብሶ ነበር። ኮዱን ከፈተ። መጠበቅን የምታዝዘው አንዲት መስመር ናት። አጠፋት። አሁን ፕሮግራሙ ማንንም አይጠብቅም፤ ያነበበውን ሁሉ ሜሞሪ ላይ ይከምረዋል። ሜሞሪ ፈጣን ነው፤ የያዘውን የሚይዘው ግን መብራት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ወደ ዲስክ አወርደዋለሁ አለ ለራሱ። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። ስንት ባለሙያ እንዲህ አድርጎ በሰላም ወጥቷል።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ሲገባ አልቆ አገኘው። ስሞቹ ሁሉ፣ ድምፆቹ ሁሉ፣ ከቢታ ገነት እስከ ደካ ያሉት ኮቦዎች በሙሉ ስክሪኑ ላይ ተደርድረዋል። አሮጌው ዲስክ ጸጥ ብሏል። ነቅሎ ሰካው፣ አልተነሳም። እንደገና ሰካው። የመጨረሻዋን ቁራጭ ሰጥቶ ሞቷል። በምድር ላይ የእነዚያ ሰዎች ድምፅ ያለው አሁን ከፊቱ በተቀመጠው ማሽን ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰኞ ወደ ዲስክ የወረዱት ጥቅሎችም ሜሞሪ ላይ ያለው ማያያዣ ካልተጨመረላቸው አይከፈቱም። ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ዲስክ ማውረዱን ጀመረ። ያ ሁሉ ክምር በአንዴ ሲወርድ ማሽኑ ተጨነቀና ስክሪኑ ደርቆ ቆመ።

አቶ ፍቃዱ ክራቫታቸውን እያጠበቁ ብቅ አሉ። «ምንድነው? ለምን ቆመ?»

«ወደ ዲስክ እያወረድኩት ነው። እስኪያልቅ አይንቀሳቀስም። አንድ ሰዓት ቢሰጠኝ...»

«የምን ሰዓት ነው የምትለኝ! መኪናቸው ከተማ ገብቷል። ቅድም ይታይ አልነበር?»

«ይታያል፣ ግን ገና አልተቀመጠም።»

«የሚታይ ነገር ምኑ ነው ያልተቀመጠው? አቋርጠው! እነሱ ሲሄዱ እንደፈለግህ ታወርዳለህ።»

ሙሉብርሃን ማስረዳቱን ተወው። አቋረጠው።

ስክሪኑ ነፍስ ዘርቶ አቶ ፍቃዱ እንግዳ ሊቀበሉ ሲወርዱ፣ እትዬ አፀደ ከዮሀና ጋር በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበሩ። ነገ የሚመጣው የባላቸው ድምፅ መሆኑን ሳያረጋግጡ ሽማግሌ ፊት መቅረብ አልሆነላቸውም፤ ደግሞስ ድምፁ አለ ተብሎ እቤት እንዴት ይቀመጣል?

«አለ» አላቸው ሙሉብርሃን። ወንበር ሰጣቸው። ስሙን ፈልጎ ከፈተው።

መጀመሪያ ቅጠል ሲረገጥ ተሰማ። ከዚያ ሳል። ከዚያ የማይቸኩል ወፍራም የወንድ ድምፅ በካፍኖኖ መናገር ጀመረ። እትዬ አፀደ ድምፁን ሲሰሙ ከወንበሩ ብድግ አሉ፤ ባላቸው ሲገባ እንደሚነሱት። ከዚያ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ሙሉብርሃን ከንግግሩ ምንም አልገባውም። መሃል ላይ «ዮሀና» የሚለውን ስም ሰማ፣ እሱን ብቻ ለየ። ልጅቷ ስሟ ሲጠራ አንገቷን ደፋች። ድምፁ ጥቂት ተናግሮ፣ እንደገና ስሎ ቆመ።

«ብሎታል» አሉ እትዬ አፀደ፣ እንባቸው በእጃቸው ላይ እየወረደ። «እንዳለው ነው። እንደዚያው ነው ያለው።»

ሙሉብርሃን ደስ አለው። ሟቹ ምን እንዳሉ ግን አልጠየቀም። እንግዶቹ ሊመጡ ነው፣ ሐሳቡ ሁሉ ማሽኑ ላይ ነበር።

ዮሀና ስልኳን አወጣች። «ወንድሜ፣ አንዴ ድገመውና በስልኬ ልቅዳው። አጭር ነው።»

«አይቻልም እህቴ።»

«ለምን? እዚሁ ፊትህ ነው የምቀዳው።»

«ከዚህ ቢሮ ማስረጃ በስልክ አይወጣም። ነገ በደብዳቤ፣ ማህተም አርፎበት፣ እኔው ይዤው እመጣለሁ። አንቺ በስልክ ይዘሽ ብትቀርቢ ጋሽ ደጉ 'ተቆራርጦ የተቀጠለ ነው' ቢሉሽ ምን ትመልሻለሽ?»

ልክ ነበር። ደንቡም እንደዚያ ይላል፣ ነገሩም ያስኬዳል። ዮሀና እናቷን አየች፣ እናቷም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁላት፣ ስልኩ ተመለሰ።

«ተቀምጧል አይደል ልጄ?» አሉ እትዬ አፀደ ሊወጡ ሲሉ።

ይታያል፣ ይሰማል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ በእርግጥም ይቀመጣል። ለእኚህ ሐዘንተኛ ሴት የሜሞሪና የዲስክ ወሬ ምን ያደርግላቸዋል?

«ተቀምጧል እትዬ» አላቸው።

መርቀውት ሄዱ።

እንግዶቹ መጡ። ስክሪኑ ላይ የኮቦዎቹን ቦታ የሚያሳዩ አረንጓዴ ነጥቦች አዩ፣ የአንድ የጌሻ ሽማግሌ ድምፅ ተከፍቶላቸው ትንሽ ሰሙ፣ አጨበጨቡ። አንደኛው «ኦንላይን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ አቶ ፍቃዱ «በሂደት ላይ ነው» አሉ። ፎቶ ተነሱና ወደ አዳራሽ አለፉ። የመጨረሻው እንግዳ ከበሩ እንደወጣ ሙሉብርሃን ማውረዱን አስጀመረ። ስክሪኑ ደረቀ።

በመስኮት ሲያይ ከባርታ ሸንተረር በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የቦንጋ ሰው ይህን ደመና ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሳይደርስ መብራቱ ነው የሚሄደው። ሙሉብርሃን ተነስቶ ግቢውን በሩጫ አቋርጦ አዳራሹ በር ላይ ደረሰ። ዩፒኤሱ ከመድረኩ ሥር ተቀምጧል፣ አረንጓዴ መብራቱ ከሩቅ ይታያል። አቶ ፍቃዱ ማይክ ይዘው እየተናገሩ ነው፣ እንግዶቹ ፊት ወንበር ላይ ተደርድረዋል። መግባትና መንቀል ነበር። ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ገመዱን መንቀል። አቶ ፍቃዱ ከመድረክ ላይ ሆነው አዩትና ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ፤ ምን ፈለግህ እንደማለት። ሙሉብርሃን እጅ ነሣና ተመለሰ። ያን ጊዜ እግሩን ምን እንደያዘው እስከ ዛሬ ለራሱም ማስረዳት አይችልም፤ ፍርሃት ነው ብንለው ግን አንሳሳትም።

ክፍሉ ሲገባ ማሽኑ አሁንም እያወረደ ነበር። አጠገቡ ቆመ። በልቡ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለየ።

መብራቱ ሄደ። የማሽኑ ማራገቢያ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፣ ክፍሉም ጭር አለ። ከአዳራሹ ግን የአቶ ፍቃዱ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ማይኩ አልጠፋም፣ ዩፒኤሱ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው። «የአባቶቻችንን ቃል ከመጥፋት አድነን ለልጆቻችን አስቀምጠናል» ይላሉ። ጭብጨባው ረጅም ነበር።

መብራቱ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ሙሉብርሃን ማሽኑን አስነሳ። ዳታቤዙ አልከፈት አለ። ወደ ዲስክ የወረደው ግማሹ እንኳ አይሆንም፣ የወረደውም ማያያዣ የሌለው ብጥስጣሽ ነው። ያለውን ዘዴ ሁሉ ሞከረ። ከዚያ አሮጌውን ዲስክ በፌስታል ይዞ በዝናብ ወደ ከሚል ሱቅ ሄደ። ከሚል አባቱ ከወልቂጤ መጥተው በከፈቱት ሱቅ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ፣ የሚጠግንም ነው፤ እጁ ለእንዲህ ያለ ነገር የተባረከ ነው ይባላል። ከሚል ዲስኩን ሰካው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዚያ ከፈተው። ውስጡ ያለችው ብርቅርቅ ሰሌዳ ዙሪያዋን ተፍቃ ነበር።

«ሙሌ፣ አዲስ አበባም ብትወስደው ገንዘብህን ነው የምትጨርሰው» አለው። «ጽሑፉ ያለበት ቆዳው ተገሽልጧል። ምን ነበረበት?»

«ሰዎች» አለ ሙሉብርሃን።

ከሚል ሻይ አስመጣለት፣ ሙሉብርሃን ሳይነካው ቀዘቀዘ።

አቶ ፍቃዱ ወሬውን ሲሰሙ ብዙም አልደነገጡም። እንግዶቹ ተደስተው ሄደዋል። «ቀስ ብለህ ታስተካክለዋለህ» አሉ። የሚስተካከል ነገር እንደሌለ ቢነግራቸውም «ለጊዜው ሲስተም የለም በላቸው» አሉና ጨረሱ። ድምፅ ከሌለ ደብዳቤ የለም፣ ደብዳቤ ከሌለ መኪና የለም። ሙሉብርሃን ሐሙስ ማለዳ በገዛ ኪሱ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ በሺሽንዳ አድርጎ ዋጫ ወረደ፤ ከዚያ በሞተር ሄዶ ከመንደሩ ደረሰ።

ሽማግሌዎቹ በቀበሌው አዳራሽ ተቀምጠዋል። ሰዉ ከወትሮው በዝቷል፤ የሞተ ሰው ሊናገር ነው ተብሎ ከየአቅጣጫው ተሰብስቧል። እትዬ አፀደ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ሙሉብርሃንን ሲያዩ ፊታቸው በራ፣ ዓይናቸው ወደ እጁ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ትከሻው፤ ቦርሳ አልያዘም። በሩ ላይ ቆሞ ነገራቸው። ምን ብሎ እንደነገራቸው አያስታውስም። የሚያስታውሰው ዮሀናን ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እትዬ አፀደ ቶሎ ተስፋ የሚቆርጡ ሴት አልነበሩም። ክንዱን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡት።

«ድምፁ ቢጠፋም ይህ ሰው ሰምቶታል» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «የእኔ ዘመድ አይደለም፣ የደጉም አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እሱ ይመስክር።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። ነገሩ የማይጣል ሆኖ አገኙት፤ ወገን የሌለው ሰው በጆሮው የሰማውን ቢናገር ይያዛል ተባለ። ጋሽ ደጉ ራሳቸው «ይናገር፣ እውነት ከሆነ እኔም እለቃለሁ» አሉ። ሙሉብርሃን ተስፋ አገኘ። መላ ሊኖር ነው። የመንደሩ መምህር ኢሳያስ አስተርጓሚ ሆኖ አጠገቡ ቆመ፣ ሙሉብርሃንም ማለ።

«የገብረጊዮርጊስን ድምፅ ሰምተሃል?» ብለው ጠየቁ ትልቁ ሽማግሌ፣ ኢሳያስም ተረጎመ።

«ሰምቻለሁ።»

«መቼ?»

«ትናንት፣ በዚህ ጆሮዬ።»

«ምን አለ?»

ሙሉብርሃን አፉን ከፈተ። ሳሉን ያስታውሳል፣ የሚረገጠውን ቅጠል ያስታውሳል፣ የድምፁን ውፍረት ያስታውሳል። ሰባት ዓመት በዙሪያው ሲነገር የኖረ ቋንቋ ነው። አዳራሹ በሙሉ እሱን ይጠብቃል።

«ዮሀና ብሏል» አለ በመጨረሻ። «ስሟን ሲጠራ ሰምቻለሁ።»

ትልቁ ሽማግሌ ሲናገሩ ቁጣ የለባቸውም፣ የሚያሳዝነውም ቁጣ አለመኖሩ ነበር።

«ስሟንማ ይጠራል፣ ልጁ ናት» ብሎ ተረጎመ ኢሳያስ። «ስለ እሷ ምን አለ? ለእሷ ይሁን አለ ወይስ ደጉ ያሳድጋት አለ?»

«አላውቅም» አለ ሙሉብርሃን። «ቋንቋውን አልችልም።»

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ተማከሩ፣ ተነሱ፣ ጫካው ለጋሽ ደጉ ረጋ። ጋሽ ደጉ መጥተው የወንድማቸውን ልጅ ግንባሯን ሳሙ፣ ማር ሲቆረጥ ድርሻዋን እንደማይነፍጓት ተናገሩ፣ የሚናገሩትም ከልባቸው ነበር። ዮሀና አመሰገነች። ሌላ ምን ትላለች? ሰዉ ወጣ፤ አንዳንዱ የሞተውን ሰው ሳይሰማ በመቅረቱ ቅር እያለው።

ሙሉብርሃን ይቅርታ ሊጠይቅ እትዬ አፀደን ከአዳራሹ ውጭ ጠበቃቸው። መጥተው አጠገቡ ቆሙ። አልጮኹበትም፣ አልረገሙትም። ቢረግሙት ይመርጥ ነበር።

«ምን እንዳለ ልንገርህ» አሉት፣ አማርኛውን ቀስ ብለው እየፈለጉ። «ከዚህ ቀረሮ እስከ ጅረቱ ያለው የዮሀና ነው አለ። ሴት ናት ብላችሁ እንዳትከለክሏት አለ። መውጣት ካልቻለች ሰው ታስወጣ፣ ቀፎው ግን የእሷ ነው፣ እኔ አባቷ ገብረጊዮርጊስ ሰጥቻታለሁ አለ።»

ሙሉብርሃን አንገቱን ደፋ።

«አሁን ገባህ?» አሉት።

«ገባኝ እትዬ።»

«እንግዲህ ቃሉን የምናውቅ ሦስት ነን» አሉት። «እኔና ልጄ አንታመንም። አንተ ደግሞ መልሰው ቢጠሩህ እንኳ የምትነግራቸው እኔ የነገርኩህን ነው።»

ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ልጃቸውን ከፊት አስቀድመው፣ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሄዱ።